በላስታ ደጋ የልጃገረዶች ደም ማነስና የብረት ክኒን

ድርቅ በገባበት አገር አስቀድሞ የሚቆጠረው የጠፋው ሰብልና የሞተው ከብት ነው። በልጃገረዶች ሰውነት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ቆይቶ የሚታወቅ በመሆኑ ከመዝገብ ሲቀር ይስተዋላል። ከእነዚህም ጉዳቶች አንዱ የደም ማነስ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያት 24 በመቶ የሚሆኑት ደም አንሷቸው ተገኝተዋል።

ልጃገረድ ለአካለ መጠን ስትደርስ ዕድገቷ ይፈጥናል፤ የወር አበባም ይጀምራታል። ሁለቱም ብረት የተባለውን ማዕድን ይሻሉ። ይህ ሲጎድልባት ውሃ ቀድታ ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ትንፋሽዋ ይቆራረጣል፣ በትምህርት ቤትም ሐሳቧን መሰብሰብ ይሳናታል። ይህንን ስንፍና ብሎ መቁጠር በደል ነው።

ከላሊበላ እስከ ወገል ጤና በተዘረጋው ደጋ «ጤፍ ብረት ስላለው ይበቃል» የሚል ሰው አይታጣም። ነገሩ ግን እንደሚባለው አይደለም። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ በሬ ሲያበራየው ከአፈር የሚደባለቅ ነው፤ ሰውነትም ከዚህ የሚጠቀመው ጥቂቱን ብቻ ነው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ያንኑ ጥቂት ይቀንሰዋል።

የደጋው ከፍታም ልኬቱን ያስቸግራል። በዝቅተኛ ቦታ ያለች ነፍሰ ጡር ያልሆነች ልጃገረድ ደም አንሷታል የሚባለው ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር ከ12 ግራም ሲያንስ ነው። 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ላሊበላ ግን በዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ከ1 ግራም በላይ ይጨመርበታል። ይሁን እንጂ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን በባሕር ጠረፍ ካሉት እንደማይለይ አሳይቷል። ስለዚህ አኀዙን ከልጅቷ ሁኔታ ጋር አገናዝቦ ማየት ይገባል።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ ደጋ ወደ መተከልና ወደ ሌሎች ቆላማ ሥፍራዎች የሰፈሩት ወገኖች ሌላ ችግር ገጥሟቸዋል። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ መንጠቆ ትልም በአንጀት ተጣብቆ ደም ይመጣል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ክኒን መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ወባን መከላከልና የትል መድኃኒት መስጠት አብረው መሄድ አለባቸው።

የደም ማነስ በብዛት በሚታይባቸው አካባቢዎች ለልጃገረዶች በሳምንት አንድ ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 2.8 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ክኒኑ ሆድ ሊያውክና ሰገራን ሊያጠቁር ይችላል። ብዙዎች የሚያቋርጡት በዚህ ፈርተው ስለሆነ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል፤ ጥቁረቱ ጉዳት የለውም። ክኒኑ መውለድንም አይከለክልም። ሆድ የሚያውካት ልጅ ከምግብ በኋላ ልትውጠው ትችላለች፤ ቡናው ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ይረዳል። ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው ብዙ ከዋጡ ለሞት ሊዳረጉ ስለሚችሉ ክኒኑ የሚቀመጠው እጃቸው ከማይደርስበት ቦታ ነው።