ለሰው ዕቃ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ስለሚገባው ነገር

ሰው ለራሱ የሚሆነውን ዕቃ ሲሠራ አይቸገርም፤ ክንዱ ምን ያህል እንደሚዘረጋ፥ ጀርባውም ምን ያህል እንደሚሸከም ያውቃልና። ለሌላ ሰው የሚሠራ ግን ያን ሰው ሳያውቅ በራሱ ልክ ቢሠራለት፥ እንጨቱም ብረቱም ድካሙም በከንቱ ይቀራል። ዕቃው ለዓይን ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከጥግ ተቀምጦ አቧራ ይለብሳል እንጂ ለሥራ አይውልም። ስለዚህ በዛሬው ዘመን አዲስ ዕቃ የሚያወጡ ሰዎች፥ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የተጠቃሚውን ልብ የሚመረምሩበት አንድ ቀላል ዘዴ አላቸው። ስሙም በቋንቋችን የልብ ማወቂያ ካርታ ሊባል ይችላል። መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊያስተምሩት፥ ሽማግሎችም ለመንደራቸው ሥራ ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ፥ ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እንገልጸዋለን።

የዚህ ካርታ መነሻ አሜሪካ ነው። ዴቭ ግሬይ የሚባል ሰው በመሠረተው ኤክስፕሌን በተባለ ድርጅት ውስጥ ተጀመረ፤ እርሱና ሁለት ባልንጀሮቹ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍም ተገልጾ በብዙ አገር ታወቀ። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የካርታው አሣሣል ልዩ ልዩ ቢሆንም የተለመደው ይህ ነው። በአንድ ትልቅ ወረቀት ወይም በጥቁር ሰሌዳ መካከል ዕቃው የሚሠራለት ሰው ይጻፋል፤ ዙሪያውም በአራት ይከፈላል። በአንደኛው ክፍል ሰውየው የሚናገረው፥ በሁለተኛው የሚያስበው፥ በሦስተኛው የሚያደርገው፥ በአራተኛው በልቡ የሚሰማው ይጻፋል።

«ሰውየውን ጠይቆ የነገረንን መሥራት አይበቃምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይበቃም። ሰው እንግዳ ሲጠይቀው ይሉኝታ ይዞት ያልወደደውን ወደድሁ ይላል፤ የሚቸግረውንም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። ንግግሩ ሰም ነው፥ ወርቁ ግን ከሥሩ ነው። ወርቁም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሰውየው የሚናገረውና የሚያደርገው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። አንዲት እናት «ይህ አዲስ እንስራ መልካም ነው» ብላ ስታበቃ፥ በማግስቱ አሮጌውን አዝላ ወደ ምንጭ ብትወርድ፥ እውነተኛው መልስ ከቃሏ ይልቅ ከሥራዋ ይገኛል። ያን ጊዜ አዲሱ ይከብዳት እንደ ሆነ፥ ወይም አንገቱ ለእጅ አይመች እንደ ሆነ፥ በትሕትና መመርመር ይገባል።

ይህን አለመመርመር ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ በደቡባዊው አፍሪካ የሆነው ነገር ያስረዳናል። በዚያ ፕሌይፓምፕ የሚባል የውኃ መሳቢያ ተተክሎ ነበር። ይህም ልጆች እየገፉ የሚሽከረከሩበት መጫወቻ ነው፤ መጫወቻው ሲዞር ውኃው ከጉድጓድ ተስቦ ከፍ ብሎ ወደ ቆመ ማጠራቀሚያ ይወጣል። ሐሳቡ ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ብዙዎች ወደዱት። በ2006 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች 16.4 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስም 4,000 መሳቢያዎች እንዲተከሉ ታሰበ።

ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. ዘ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ሒሳቡን ቢመረምር፥ የታሰበውን ያህል ሕዝብ ለማጠጣት ልጆች በየቀኑ 27 ሰዓት መጫወት እንደሚያስፈልጋቸው ገለጸ። ቀን ግን ከነሌሊቱ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ልጆቹ በሌሉ ጊዜ መጫወቻውን የሚያዞሩት ሴቶች ሆኑ፤ አሮጊቶቹን ማዞሩ ከበዳቸው፥ በሰው ፊት የልጅ መጫወቻ መግፋትም ያሳፈራቸው ነበሩ። በአንዳንድ ስፍራም የቀድሞው የእጅ መሳቢያ ተነቅሎ ስለ ነበረ፥ አዲሱ ሲሰበር የሚመለሱበት አጡ። በኋላም ከአሜሪካ ሆኖ ሥራውን ይመራ የነበረው ድርጅት ቀሪዎቹን መሳቢያዎች ለሌላ ድርጅት አስረክቦ ተወው።

ሠሪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የልጆችን ደስታ አዩ እንጂ የእናቶችን ማለዳ አላዩም። እናቲቱን በካርታው መካከል ጽፈው ቢሆን ኖሮ፥ የምታደርገው በሚለው ክፍል ልጆች ሳይነሡ ጎሕ ሲቀድ ውኃ መቅዳቷን፥ የሚሰማት በሚለው ዕፍረቷን፥ የምታስበው በሚለውም «ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?» የሚለውን ጭንቀቷን ባገኙ ነበር። ይህም ሁሉ ዋጋው አንድ ወረቀትና ጥቂት የትዕግሥት ቀኖች ብቻ ነበረ።

በአገራችን ደግሞ የመልካሙ ምሳሌ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተዘጋጀው ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ባለሙያዋን ሴት የለመደችውን ምጣድ አላስጣላትም፥ እንጀራዋንም አልለወጠባትም፤ እሳቱን ብቻ ዙሪያውን ከበበላት። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን ማገዶው እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ሰውን ከዕቃው ጋር ከማስማማት ይልቅ ዕቃውን ከሰው ጋር ማስማማት ማለት ይህ ነው።

መምህሩ ይህን ሊያስተምር ቢወድ እንዲህ ያድርግ። አስቀድሞ ለትምህርት ቤቱ የሚሠራ አንድ ትንሽ ነገር፥ ለምሳሌ የእጅ መታጠቢያ፥ ይምረጥ። ሁለተኛ፥ ዕቃው የሚሠራለትን አንድ ሰው ይለይ፤ «ተማሪ ሁሉ» አይበል፥ የአንደኛ ክፍሏን ትንሽ ልጅ ይጥቀስ እንጂ። ሦስተኛ፥ ተማሪዎቹ ሦስት ቀን ያህል በፈቃዷና በአክብሮት ይመልከቷት፥ ይጠይቋትም፤ የተናገረችውንም ሳይለውጡ በራስዋ ቃል ይጻፉ። አራተኛ፥ ያዩትንና የሰሙትን በነጭ ጠመኔ፥ የገመቱትን ግን በሌላ ቀለም ይጻፉት። ልጅቱ «ታጥቤአለሁ» ብትል እጅዋ ግን ደረቅ ቢሆን አይቆጧት፤ ውኃው ከቁመቷ በላይ ተሰቅሎ፥ ይህንንም ለመናገር አፍራ ይሆናልና። እንዲህ ከሆነ መታጠቢያው ዝቅ ይበል።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሰውየውን ሳያዩ በቤት ተቀምጠው በግምት የሞሉት ካርታ፥ የሞላውን ሰው መልክ ያሳያል እንጂ የተጠቃሚውን አያሳይም። ስለዚህ በሌላ ቀለም የተጻፈው ከበዛ ካርታው ገና አልተሞላምና ተመልሶ መሄድ ይገባል።

ይህ ነገር ለሽማግሎች እንግዳ አይደለም። ለዕርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ የሁለቱን ወገን ቃል ከሰማ በኋላ ያልተነገረውን ከፊታቸው ያነባል፤ ሳይሰማም አይፈርድም። ጉድጓድ ሲቆፈር፥ ድልድይ ሲሠራ፥ ወፍጮ ሲተከልም እንዲሁ ያድርግ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው የሌላውን ሕመም ለማያውቅ ሰው ነው፤ ዕቃ ሠሪ ግን ቁስሉን አስቀድሞ ይወቅ፥ መሣሪያውንም ከዚያ በኋላ ያንሣ።