ባትሪ የከተማን መብራት ሥራ እንዴት ይሠራል?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ራቅ ባለው ገጠር ግን ምሰሶ ያልደረሰበት መንደር ብዙ ነው። እዚያ ያለ ገበሬ ፀሐይ የሚሞላው ባትሪ ገዝቶ ቤቱን ያበራል። ታዲያ ለከተማ መብራት የተሠራ መሣሪያ ከባትሪው ጋር ቢያያዝ አይሠራም። ለምን?

የባትሪ ኤሌክትሪክ እንደ ቦይ ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ይኸ ቀጥተኛ ጅረት ይባላል። በምሰሶ የሚመጣው ግን እንደሚናጥ ወተት ወዲያና ወዲህ ይላል። ተመላላሽ ጅረት ይባላል። በአገራችን በሰኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ግፊታቸውም ይለያያል። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ የምሰሶው 220 ቮልት ነው። የባትሪውን ወደ ምሰሶው ዓይነት የሚለውጠው መሣሪያ ኢንቨርተር ይባላል።

ኢንቨርተር ሦስት ክፍሎች አሉት።

1. ምት ሰጪ። እንደ ከበሮ መቺ ልኩን ጠብቆ በሰኮንድ 50 ጊዜ ትእዛዝ ይሰጣል።

2. ሁለት ትራንዚስተሮች። እነዚህ እንደ በር ተራ በተራ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አንዱ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ሲከፈት ወደ ግራ ይሄዳል።

3. ትራንስፎርመር። በብረት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። የባትሪው ፖዘቲቭ ከመግቢያው ጥቅል መሐል ይታሰራል፤ ዳርና ዳሩ ወደ ትራንዚስተሮቹ ይሄዳል። ከመሐል እስከ ዳር ላለው ለእያንዳንዱ ዙር በመውጫው በኩል ከ18 ዙር በላይ ሲጠመጠም 12 ቮልቱ 220 ይሆናል።

እንግዲህ ልብ በሉ! ኢንቨርተር ኃይል አይፈጥርም። ባትሪ ጎተራ ነው፤ ያልከተቱበት አይወጣም። 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች ቢወርድ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ 600 ብቻ እንቁጠር። 20 ዋት የሚወስድ መሣሪያ 30 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ጥቂቱም በሙቀት ይባክናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3000 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ኃይሉ 12 ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም በፊት ሽቦው ይቃጠላል። በሬ ሸጦ ለምጣድ ብሎ ኢንቨርተር መግዛት ኪሳራ ነው። ለ12 ቮልት አምፑልና ለስልክ መሙያም ኢንቨርተር አያስፈልግም። በቀጥታ ከባትሪው የሚሠሩ አሉ።

የመጨረሻው ነገር ሕይወት ነው። ባትሪው ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁ። ከኢንቨርተሩ የሚወጣው 220 ቮልት ሰው ይገድላል። ስለዚህ፦

ሽቦውን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባ።

ባትሪ ሲሞላ የሚነድ ጋዝ ያወጣል። ከምድጃና ከኩራዝ አርቁት።

ኢንቨርተርን ከምሰሶው መስመር ጋር አታገናኙ። መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ጥያቄ፦ 600 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ 10 ዋት አምፑል ስንት ሰዓት ያበራል? አስሉና ለጎረቤታችሁ አስረዱ።