በዓይን ውስጥ የሚታዩት የደም ሥሮችና ልካቸው

ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ወደ ለገሃር ቁልቁል በሚወርደው በቸርችል ጎዳና የሚመላለስ ሰው፣ ከእግሩ በታች ስለ ተቀበሩት የውሃ ቧንቧዎች አያስብም። ቧንቧ አርጅቶ ግፊት እንደ በዛበት የሚታወቀው ፈንድቶ አስፋልቱን ውሃ ሲያጥለቀልቀው ነው። የሰውነታችንም የደም ሥሮች በቆዳና በሥጋ ተሸፍነው ስለሚኖሩ፣ ጉዳታቸው ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከተደፈኑ ወይም ከፈነዱ በኋላ ነው። ሆኖም ሥጋ ሳይቀደድ የደም ሥር በግልጽ የሚታይበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም የዓይናችን የውስጥ ግድግዳ ነው።

ይህ ግድግዳ ሬቲና ይባላል፤ ብርሃንን ተቀብሎ በነርቭ ወደ አንጎል የሚልክ ስስ ሽፋን ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄልምሆልትዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 ዓይንን ከውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ ካስታወቀ ወዲህ ሐኪሞች በብሌን በኩል ብርሃን እያስገቡ ይመለከቱታል። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ በለንደን የዓይን ሐኪም የነበረው ማርከስ ገን አንድ ነገር አስተዋለ። ከልብ ደም የሚያመጣው ደም ቅዳና ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ በሚተላለፉበት ቦታ አንድ ሽፋን ይጋራሉ። ደም ቅዳው ሲደድር ደም መልሱን ይጫነውና እዚያ ላይ የተቆረጠ ያስመስለዋል።

በ1939 በአሜሪካ ኪት፣ ዋግነርና ባርከር የተባሉ ሐኪሞች የደም ግፊት ሕሙማንን በሬቲናቸው መልክ በ4 ደረጃ ከፈሏቸው። ከ3 ዓመት በኋላ በመጀመሪያው ደረጃ ከነበሩት ከመቶ 70ው በሕይወት ሲገኙ፣ በአራተኛው ከነበሩት ግን ከመቶ 6 ብቻ ተገኙ። በዚያን ጊዜ ፍቱን መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬ አለ።

በዓይን አይቶ «ጠቧል» ማለት ግን እንደ ተመልካቹ ይለያያል፤ አንዱ ጠባብ ያለውን ሌላው ደኅና ይለዋል። ስለዚህ ልኬት አስፈለገ። ሬቲናው በፎቶግራፍ ይነሣና የዓይን ነርቭ ከሚገባበት ክብ ስፍራ ጥቂት ራቅ ብሎ የ6ቱ ትልልቅ ደም ቅዳዎችና የ6ቱ ትልልቅ ደም መልሶች ስፋት በኮምፒዩተር ይለካል። ከእነዚህ ሥሮች ትልቁ እንኳ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። በጤነኛ ዓይን ደም ቅዳው 2 እጅ ቢሆን ደም መልሱ 3 እጅ ገደማ ይሆናል። በአሜሪካ በ4 አካባቢዎች ለብዙ ዓመታት በተደረገ ጥናት፣ ግፊታቸው ገና ደኅና ሳለ ደም ቅዳቸው ጠቦ የታየው ሰዎች በኋላ በደም ግፊት የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር።

ልኬቱ እንከን የለውም አንልም። የደም ሥር ከልብ ትርታ ጋር በጥቂቱ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ሩቅ የማያይ ሰው ዓይንም በፎቶግራፉ ላይ ሥሮቹን አሳንሶ ያሳያል። በክንድ ላይ የሚጠመጠመውን የግፊት መለኪያ ይተካል የሚል ቢኖር እኛ አንቀበለውም።

በአገራችን በ2007 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ሕመሙ ድምፅ የለውም። አንድ መምህር 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ደብተሩን እያራቀ ማንበብ ይጀምራል፤ ወደ ፒያሳ ወጥቶ መነጽር ይገዛል፤ ፊደሉ ስለ ጠራለትም ዓይኔ ዳነ ብሎ ይመለሳል። መነጽሩ ግን ፊደሉን እንጂ የደም ሥሩን አያጠራም።

ስለዚህ መነጽር ለማዘዝ የሚሄድ ሰው የዓይኑ ውስጥ እንዲታይለት ይጠይቅ፤ ግፊቱንም ያስለካ። የስኳር ሕመም ያለበት ደግሞ ምንም ቢያይ በየዓመቱ ሬቲናውን ማስመርመር ይገባዋል፤ ለዚህም በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለ። ብሌንን የሚያሰፋው ጠብታ ለጥቂት ሰዓታት የቅርቡን ስለሚያደበዝዝና ፀሐይ ስለሚያስፈራ፣ መምህራን የፈተና ወረቀት በሚያርሙበት ቀን ባይሄዱ ይሻላል፤ መኪና የሚነዳም ሌላ ሰው ይዞ ይምጣ።