የካርቱም ሀቡብ፦ በሜዳ ላይ የሚሄድ ናዳ

 በካርቱም በክረምቱ ወራት ቡናማ ግድግዳ ከአድማስ ተነሥቶ ፀሐይን ሲጋርድ «ሀቡብ መጣ» ይባላል፤ ከተማዋን በዓመት በአማካይ 24 ያህል ጊዜ እንደሚጎበኛት ይነገራል። ብዙ ሰው የአቧራ ነፋስ ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን የናዳ ዘመድ ነው እላለሁ። የነጎድጓድ ደመና የሚያወርደው ዝናብ ከሥሩ ባለው ደረቅ አየር ውስጥ መሬት ሳይደርስ ሲተን የአየሩን ሙቀት ይወስዳል። የቀዘቀዘው አየር ይከብድና ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያም በመሬት ላይ እየተስፋፋ ልቅ አፈሩን ጠርጎ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታና ከዚያም በላይ ያነሣዋል። ከእነዚህ ደመናዎች ብዙዎቹ የሚጠነሰሱት በኢትዮጵያ ደጋ አካባቢ ነውና የእኛ ክረምት ለጎረቤት አቧራም ይልካል። በአልፕስ ተራሮች የሚወርደው የብናኝ በረዶ ናዳም እንዲሁ ከባድ አየር ቀላሉን አየር እየገፋ የሚሄድበት ነው፤ የሚለየው ተዳፋት ስለሚያስፈልገው ነው።

ለደኅንነት የሚጠቅመው ልዩነት ግን ሌላ ነው። በበረዶ ተራራ ላይ ለመዝናናት ሲጓዙ ከሚሞቱት ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉ የሚቀበሩት ራሳቸው ወይም የጉዞ ጓደኞቻቸው በቀሰቀሱት ናዳ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ጥበብ አደገኛውን ተዳፋት አለመርገጥ ነው። ሀቡብን ግን ማንም አይቀሰቅሰውም፤ ወሳኙ ሲደርስ የት ነን የሚለው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚገሰግስ ግንባር ከ15 ኪሎ ሜትር ርቀት ቢታይ ሩብ ሰዓት ብቻ ይሰጣል፤ ሌሊት ደግሞ ያንንም አይሰጥም። ከቤት ይልቅ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ያሳስበኛል። ተመሳሳይ ማዕበል የለመደችው የአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ለሾፌሮች የምትሰጠው ምክር ከአስፋልቱ ፈጽሞ ወጥቶ መቆም፣ መብራት ሁሉ ማጥፋት፣ የእጅ ፍሬን ይዞ እግርን ከፍሬኑ ማንሣት ነው። መብራት የጠፋበትን መኪና ሌላው ይገጨዋል የሚል ይኖራል፤ አስፋልት ላይ ከቆመ እውነት ነው። ከመንገድ የወጣ መኪና ግን መብራቱን ካበራ፣ ከኋላ የሚመጣው መንገዱ በዚያ በኩል የሚቀጥል መስሎት ተከትሎት ይወጣል። መውጫ ከሌለ ብቻ መብራት አብርቶ በዝግታ መጓዝ ይፈቀዳል።

የካርቱም ሰው ከሀቡብ ጋር ለዘመናት ኖሯል፣ መስኮት መዝጋት ይበቃዋል የሚለውም ክርክር ለቤት ያህል ትክክል ነው። በካርቱሙ «አፍሪካ ጎዳና» ለሚበር መኪና ግን የመስኮት ልማድ ምንም አይፈይድም። አስም ላለበት ሰውም ነፋሱ ጋብ እንዳለ መስኮቱን መክፈት ስሕተት ነው፤ ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው ደቃቁ ብናኝ ከሁሉ በኋላ ነው የሚያርፈው።