ዳሌዋ ምን በደለ?

ሳሪስ አቦ አካባቢ ማዋለጃ ክፍል የሚሠራ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይሰማ አይውልም። «ሲስተር፣ ዳሌዋ ጠባብ ነው እንዴ?» ትላለች የወላዷ እናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ። ምጡ ሲረዝም ጥያቄው ወደ ፍርድ ይለወጣል፦ «ድሮም ቀጭን ናት»፣ «የእኛ ዘር እንዲህ አልነበረም»፣ «ተፈጥሮዋ ነው»። ወላዷ አልጋ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። አንዳንዷ በኦፕራሲዮን ወልዳ ትሄድና ከዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ልጇ ክትትል ስትመጣ ካርዷ ጠፍቷል፤ ያ ቃል ግን አልጠፋም። «እኔ በተፈጥሮዬ መውለድ አልችልም» ትለኛለች።

ይህን አባባል በአማቶችና በጎረቤት ብቻ ማላከክ አይቻልም። እኛ ባለሙያዎቹም ከትምህርት ቤት ይዘነው ወጥተናል። ከዚያም አልፎ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ በተጻፈው ሳይንስ ውስጥ ሥሩ ይገኛል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻርልስ ዳርዊን በ1871 ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወንድ በአእምሮም ሆነ በእጅ ሥራ ከሴት የላቀ ደረጃ እንደሚደርስ ጻፈ። ምክንያት ያደረገውም የወንዶችን የእርስ በርስ ፉክክርና የአደን ፈተና ነው። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ዲግሪ የማይሰጡበት ዘመን ነበር። በአራት ዓመቱ አሜሪካዊቷ አንትዋኔት ብራውን ብላክዌል ሙሉ መጽሐፍ ጽፋ መለሰችለት፤ የሰማት ግን ጥቂት ነው።

ወደ እኛ ሙያ ጠጋ ያለው ሐሳብ የመጣው በ1960 ነው። ሼርውድ ዋሽበርን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት «የወሊድ አጣብቂኝ» የሚባለውን መላ ምት አቀረበ። ሰው በሁለት እግሩ ሲቆም ዳሌው ጠበበ፤ መሣሪያ መሥራት ሲጀምር ደግሞ አንጎሉ ተለቀ። ትልቅ ጭንቅላትና ጠባብ መንገድ ሲገናኙ ተፈጥሮ ያገኘችው መውጫ ልጁ ሳይጠና እንዲወለድ ማድረግ ነው ይላል። ዋሽበርን እዚህ ላይ አላቆመም። አቅመ ቢስ ሕፃን የታቀፈች እናት ፈጥና መሄድ ስለማትችል አታድንም፣ ስለዚህ አደኑ የወንድ ሆነ፣ የማኅበረሰቡም መሠረት በዚህ ተጣለ አለ። የሴቲቱ ዳሌ ተነሥቶ የሥራ ክፍፍሉ ሁሉ ተተነተነበት።

ይህ አስተሳሰብ በ1966 ቺካጎ ላይ በተካሄደ ጉባኤና በ1968 በወጣው መጽሐፉ ገነነ፤ የመጽሐፉ ርዕስ ራሱ «አዳኙ ሰው» የሚል፣ ሰው ሲባልም ወንድ ማለት ነበር። የሚገርመው ሪቻርድ ሊ ስለ ካላሃሪ ሕዝቦች እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያቀረበው ጥናት፣ ከምግባቸው ከግማሽ የሚበልጠው ከዕፅዋት የሚገኝ መሆኑን ያሳያል። ከዚህም አብዛኛውን የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። መረጃው በእጅ ነበር፤ ታሪኩን ግን አልቀየረውም።

አሁን ወደ አገራችን አጥንቶች እንምጣ። ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ ሴት የተባለችው በዋነኛነት በሰውነቷ ማነስና በዳሌዋ ቅርጽ ነው። በ1995 ሆይስለርና ሽሚድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ዳሌዋን እንደገና ገጣጥመው መረመሩና ለመውለድ የሚበቃ አይደለም ብለው ደመደሙ። በዚህ ዳሌ ሴት ብትሆን ኖሮ ዘሯ በእሷ ያበቃ ነበር በማለትም ወንድ መሆኑ ይሻላል አሉ። ብዙ ባለሙያዎች አልተቀበሏቸውም፤ ዳሌዋ ወደ ጎን ሰፊ መሆኑንና የዘመኗ ሕፃን ጭንቅላት ትንሽ እንደነበር አስረድተው ሴትነቷን አጸኑ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተኛችው ድንቅነሽ እንኳ «ዳሌሽ ጠባብ ነው» ከመባል አላመለጠችም።

ሁለተኛው አጥንት የጎናው ነው። ሆሞ ኢሬክተስ የሚባሉት ቀደምቶቻችን እንዴት ይወልዱ እንደነበር ለብዙ ዓመታት ይገመት የነበረው፣ በ1984 ኬንያ ውስጥ ቱርካና አጠገብ ከተገኘ አጽም ተነሥቶ ነው። ያ አጽም ያልጎለመሰ ወንድ ልጅ ነው። የእናትነትን መንገድ ከወንድ ልጅ ዳሌ ለኩ ማለት ነው። መልሱም እንደሚጠበቀው ጠባብ ሆነ። በ2008 ዶክተር ስለሺ ሰማው የተካተቱበት ቡድን አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኘ የአዋቂ ሴት ዳሌ ይፋ ሲያደርግ፣ የወሊድ መንገዱ ከተገመተው በግልጽ ሰፍቶ ተገኘ። ሴቲቱን ለማወቅ ሴቲቱን መለካት ያስፈልግ ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ «አጣብቂኙ» ራሱ ተፈትሿል። ሆሊ ደንስዎርዝና ባልደረቦቿ በ2012 ልጁ የሚወለድበትን ጊዜ የሚወስነው በዋናነት የዳሌ ጥበት ሳይሆን የእናት ሰውነት ለሁለት ነፍስ ኃይል የማቅረብ አቅሙ ጣሪያ መድረሱ ነው የሚል ማስረጃ አቀረቡ። በ2015 አና ዋሬነርና ባልደረቦቿ ሴትና ወንድ እያስኬዱና እያስሮጡ ለኩ፤ ሰፊ ዳሌ የበለጠ ጉልበት እንደማያስወጣ አገኙ። ክርክሩ ገና አልተዘጋም። ሆኖም የሴት ዳሌ ለመራመድም ለመውለድም በደንብ የማይመች ማመቻመች ነው የሚለው እንደ ቀድሞው በእርግጠኝነት አይነገርም።

የእኛ መማሪያ መጽሐፍም ከዚህ አያመልጥም። ኮልድዌልና ሞሎይ በ1933 ዳሌን በአራት ከፍለው አንዱን «የሴት ዓይነት» ብለው መለኪያ አደረጉት፤ ሌላውን «የወንድ ዓይነት» አሉት። ዛሬም ተማሪ ይሸመድደዋል። ሊያ ቤቲና አንድሪያ ማኒካ በ2018 ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተሰበሰቡ የሴት አጽሞችን ለክተው ባወጡት ጥናት፣ የወሊድ መንገድ ቅርጽ ከሕዝብ ሕዝብ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይተዋል። አንድ «ትክክለኛ» ዳሌ የለም።

ሥራው ላይ የቆመ ሰው የሚያየውም ይህንኑ ነው። የልጁ ጭንቅላት ወደ ዳሌ ሲገባ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ያያል፤ ሲወርድ እየዞረ ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ ያደርጋል። ገና ያልተያያዙት የራስ ቅሉ አጥንቶች ሸርተት ብለው ይደራረባሉ፤ በጓንት ጣቴ ስነካው የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ መውጣቱ ይታወቀኛል። የእናቲቱም መገጣጠሚያ በእርግዝናዋ ላልቷል፤ ስትንበረከክ ወይም ቁጢጥ ስትል መውጫው ይሰፋል። በጀርባዋ ካጋደምናት ግን ይህን እኛው እንቀንስባታለን። ጭንቅላቱ እንደወጣ ፊቱ ወደ አንዱ ጭኗ ይመለስና ትከሻው ይከተላል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ዳሌን ልኩ እንደማይለወጥ በር አድርጎ መናገር ይከብደዋል።

ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ የሚወጣን ልጅ እናቲቱ ራሷ ስባ ለማውጣት ይቸግራታል። ዌንዳ ትሬቫተን በ1987 ባሳተመችው መጽሐፍ ከዚህ ተነሥታ፣ በወሊድ ጊዜ አጠገብ የሚቆም ረዳት የሰው ልጅ ጥንታዊ ልማድ ነው አለች። በየገጠሩ «ማርያም ማርያም» እያሉ ወላዷን የሚደግፉት ሴቶች የዚያ ልማድ ወራሾች ናቸው። አዳኙን በጦሩ የሣለው የሳይንስ ታሪክ፣ አዋላጇን ለመሣል ብዙ ቆይቷል።

ጠባብ ዳሌ የሚባል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ሲኖርም ኦፕራሲዮን ነፍስ ያድናል። ግን ዳሌን ምን ያጠበዋል? በሕፃንነት ፀሐይ ካለማግኘት የሚመጣ ሪኬትስ የሚባል የአጥንት መለስለስ፣ በልጅነት የተራበ ሰውነት፣ አጥንቷ ሳይጠና የተዳረች ልጅ። ምጥ አልገፋ ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የልጁ አመጣጥ ወይም የምጡ መድከም ነው፤ በአንዱ ምጥ አልሆን ያለው በሌላው ምጥ በሰላም ሊወለድ ይችላል። ካትሪንና ሬጅናልድ ሐምሊን በ1974 የከፈቱት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ያስተማረንም ይህን ነው። በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ የተጨመረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፊስቱላ የሚመጣው አልገፋ ያለ ምጥ በጊዜ የሚያየው ሰው ሲያጣ ነው። «ተፈጥሮዋ ነው» የሚለው መልስ እነዚህን ሁሉ ይሸፍናል፤ መንገዱን፣ ምግቡን፣ ጋብቻውንና አምቡላንሱን ከተጠያቂነት ያወጣና አንዲት ሴት ላይ ይጭናል።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። ሪፈር ስንጽፍ ያየነውን እንጻፍ፦ የልጁ አመጣጥ፣ የምጡ ጥንካሬ፣ የጭንቅላቱ አወራረድ፣ የቆየችበት ሰዓት። «ጠባብ ዳሌ» የሚለውን ለተረጋገጠ ጉዳይ ብቻ እናቆየው፤ ወላዷ እየሰማች ደግሞ ከቶ አንወርውረው። በኦፕራሲዮን የወለደችም ለሚቀጥለው ልጇ ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯት ትሂድ።

ለእናቶችና ለአማቶችም እንዲሁ። ልጅ ሳለች ፀሐይ አሙቋት፣ በደንብ አብሏት፣ ሳትጠና አትዳሯት። ምጥ ሲጀምራት ሳትቆዩ አምጧት። ዳሌዋን የመመርመሩን ሥራ ለእኛ ተዉት።