አበባ ሞልቶ ንብ የማይቀስምበት ግቢ

መስከረም ለንቦች የጥጋብ ወር ነው፡፡ ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሜዳውንና የመንገዱን ዳር ሲሸፍነው፣ ከከተማ ወጣ ሲባልም ኑጉ ማሳውን ቢጫ ሲያደርገው ንቦች የሚቀስሙት አያጡም፡፡ በደጋና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል ዋናው ማር የሚቆረጠውም ይህንኑ ተከትሎ በጥቅምትና በኅዳር ነው፡፡ ችግሩ የሚጀምረው አደዩ ከረገፈ በኋላ ነው፡፡ በረዥሙ በጋ፣ ከዚያም ዝናቡ ፋታ በማይሰጥበት ሐምሌና ነሐሴ የቀፎው ስንቅ ይመናመናል፡፡ የተራበ የንብ መንጋም ቀፎውን ጥሎ ይሰደዳል፡፡

በመሆኑም በግቢው ለንብ የሚሆን ተክል ለመትከል ያሰበ ሰው ከአበባው መልክ በፊት የሚያብብበትን ወር ማጣራት ይኖርበታል፡፡

የአዲስ አበባ ግቢዎች አበባ አነሳቸው አይባልም፡፡ ነገር ግን አብዛኛው ለዓይን እንጂ ለንብ የሚሆን አይደለም፡፡ ቡገንቪሊያን እንውሰድ፡፡ ከሩቅ የሚታየው ደማቅ ቀለም አበባ ሳይሆን ቀለሙን የለወጠ ቅጠል ነው፡፡ ትክክለኛዋ አበባ መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ቱቦ ስትሆን፣ ጠባብ በመሆኗ ንብ በቀላሉ አትቀስማትም፡፡ ድርብርቡ ጽጌረዳም ከዚህ የተሻለ አይደለም፡፡ የአበባው ቅጠል የበዛው ብናኝ የሚሰጠው የወንዴው ክፍል ወደ ቅጠልነት ስለተለወጠ ነውና ለንብ የሚተርፋት ጥቂት ነው፡፡ የአጥር ዳሩ ቀጋ ግን አምስት ቅጠሉን ገልጦ ብናኙን ለመጣው ሁሉ ይሰጣል፡፡ ቀለምም መታሰብ አለበት፡፡ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ካርል ፎን ፍሪሽ በሙከራ እንዳሳየው ንቦች ቀለም ቢለዩም ቀይን ግን አያዩም፡፡ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ቢጫ ይስባቸዋል፡፡

ለንብ የሚበጀው ተክል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፊት ለፊቱ የአበባ መደብ ሳይሆን ከጓሮ ነው፡፡ በመጀመሪያ መጠቀስ ያለበት ግራዋ ይመስለኛል፡፡ ጋን ማጠቢያ ተብሎ የተናቀው ይህ ተክል የሚያብበው ሌላው በደረቀበት፣ በጥርና በየካቲት አካባቢ ነው፡፡ ኔክታር የሚባለውን ጣፋጭ ፈሳሽም ብናኝም ይሰጣል፡፡ ጋኑን የሚያጥበው ቅጠል ለጠጁ ማር ከሚያዋጡት ዕፀዋት አንዱ መሆኑን የሚያስተውል ብዙ ሰው የለም፡፡ የጥብስ ቅጠልም ውኃ ካላጣ በበጋው ሰማያዊ አበባውን አይነፍግም፡፡ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳምና ድንብላልም ንቦች የሚወዷቸው ናቸው፡፡ ይሁንና ለወጥ ተብሎ ሁሉም ከተቀነጠሰ የሚያብብ አይቀርም፤ ጥቂቱን ሳይቆርጡ መተው ያስፈልጋል፡፡ የሐበሻ ጎመንም እንዲሁ ነው፡፡ ረዝሞ ቢጫ አበባ ሲያወጣ «አረጀ» ተብሎ ይነቀላል እንጂ ንቦች የሚፈልጉት ያን ጊዜ ነው፡፡ ሰፊ ግቢ ላለው ደግሞ ወይራና ብሳና አሉ፡፡

የሚጠቀሙት ንቦቹ ብቻ አይደሉም፡፡ የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ነው፡፡ ንብ ወይም ሌላ ነፍሳት ብናኙን ካላሻገረ ፍሬው ጣት አክሎ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፡፡ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ በአፈሩ ወይም በዘሩ ያሳብባል፡፡

ስንተክል አንድ ዓይነቱን በአንድ መደብ ሰብሰብ አድርጎ መትከል ይመረጣል፤ ንብ በአንድ ጉዞዋ ከአንድ ዓይነት አበባ ወደ ሌላ ዓይነት እምብዛም አትዘልምና፡፡ ንድፊያ ለሚፈራ ቤተሰብ መደቡን ከበርና ልጆች ከሚጫወቱበት ማራቅ በቂ ነው፡፡ ንብ ይበልጥ የምትቆጣው በቀፎዋ ሲመጡባት ነው፤ አበባ ላይ ያለች ንብ ካልነኳት ሥራዋ ላይ ናት፡፡ ከሁሉ የከፋው ለቅማልና ለትል ተብሎ የሚረጨው መድኃኒት ነው፡፡ ግራዋውን ተክሎ፣ ሲያብብ ጠብቆ፣ አጠገቡ ያለውን ጽጌረዳ በቀትር ማስረጨት ንቦቹን ጠርቶ እንደ መመረዝ ነው፡፡ የግድ ከሆነ አበባ ያላወጣውን ብቻ፣ ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ይረጭ፡፡