የወላጆቻችን የጉልበት ሕመም፦ በክኒንና በቀዶ ሕክምና መካከል ምን አለ?



ለዒድ ወደ አሊዩ አምባ የወረድን ተማሪዎች መስጂድ ውስጥ አንድ ነገር አስተዋልን፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ አባቶች በዝተዋል። እናቶቻችንም ከሱጁድ ሲነሱ ግድግዳ ይደገፋሉ። አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ገበያ ነበረች። የአንኮበርን አቀበት መውጣትና መውረድ ዛሬም የአካባቢው ሰው ኑሮ ነው። ጉልበት ሲታመም ግን «ሪህ ነው፣ ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል እየሳሳ ሲሄድ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ያማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቃውም ጉልበት ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው ከቤት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋትና ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ በየቀኑ ሲደጋገም የጭን ጡንቻን ያጠነክራል። ወፍራም ለሆነ ሰው 1 ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳል። ምርኩዝ የሚያዝ ከሆነ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይሁን። የዳይክሎፌናክ ቅባትም ከክኒኑ ይልቅ ለጨጓራና ለኩላሊት ይሻላል።

ይህ ካልበቃ ሳይቀደዱ የሚሰጡ ሕክምናዎች አሉ።

የስቴሮይድ መርፌ፦ መገጣጠሚያው ውስጥ ይወጋል፤ ሕመሙን ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል። ቶሎ ቶሎ መደጋገም ግን ለስላሳውን ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ለቀናት ሊጨምር ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ነርቭ ማደንዘዝ፦ ከጉልበት ሕመም የሚያደርሱትን ትንንሽ ነርቮች በመርፌ ጫፍ በሚወጣ ሙቀት ማደንዘዝ ነው። እፎይታው ለወራት ሊቆይ ይችላል።

የደም ሥር መድፈን፦ በቀጭን ቱቦ ገብቶ የተቆጣውን የመገጣጠሚያ ሽፋን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች መድፈን ነው። አዲስ ሕክምና ስለሆነ ገና እየተጠና ነው።

ሦስቱም ሕመም ይቀንሳሉ እንጂ ያለቀውን አይመልሱም። «እንደ አዲስ ያደርገዋል» የሚል ሰው ሲመጣ ወላጆቻችን ከብት ከመሸጣቸው በፊት እንጠይቅላቸው። በካሜራ ገብቶ ጉልበትን ማጠብም ለዚህ ሕመም እንደማይጠቅም በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ180 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ ከይስሙላ ቀዶ ሕክምና የተሻለ ውጤት አላመጣም። ጉልበቱ ፈጽሞ ሲያልቅ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካት አለ።

ጉልበት በድንገት ከቀላ፣ ካበጠና ትኩሳት ከመጣ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል!

መታከም ተወኩልን አይቃረንም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል። መቆም ያቃተው ሰው ተቀምጦ መስገዱም አጅሩን አያጎድልበትም፤ ስለ አሰጋገዱ ዝርዝር ዐሊም ይጠየቅ። የኛ ድርሻ በሚቀጥለው እረፍት ስንወርድ «እማዬ፣ ጉልበትሽን እስኪ አሳዪኝ» ብለን መጀመር ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ኣሚን።